ሙዚቀኞቹ የመጡ ዕለት

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ከባለፈው ይሻላል? ደረጃ መውጣት እንደከበደሽ ከነገርሽኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ደረጃ ላይ ነው። መድኃኒቱን "ተሻለኝ" ብለሽ እንዳታቋርጪው፤ አመልሽን ስለማውቅ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ልጄን፣ ድምቡሼን፣ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። "ደግሞ የምን ድምቡሼ፣ ልጅቷ ከቀጠነች ስንት ጊዜዋ!" እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔ ግን ትቻት የመጣሁት በሁለት ዓመቷ ድምቡሼ ሆና ነውና ሌላ ስም አይመጣልኝም።

በቀደም ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ስደውል ስልኩን ያነሳችው እሷ ነበረች። አንቺን "እማዬ! መምህሯ ናት!" ብላ ስትጠራሽ ሰማሁ። ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም።

ዛሬ ልጆቹን ሸኝቼ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የምጽፍልሽ ስለ ሙዚቀኞቹ ነው። መጡ፣ እማዬ። በመጨረሻ መጡ።

አራት ዓመት ሙሉ የዝውውር ማመልከቻ ማስገባቴን ታውቂያለሽ። ሁልጊዜ "ተተኪ ሲገኝ" ነው መልሱ። እዚህ ማን ወዶ ይመጣል? ክረምት ሲገባ መንገዱ ይቆረጣል። እኛ አስተማሪዎቹም ለሦስት አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምናድረው። ድምቡሼን ላምጣት ብል፣ ያ ደረቷ ሲታፈን የማደርስበት ሐኪም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያለ አንቺ ማን አለኝና!

ታዲያ አንድ ቀን ትምህርት ቢሮው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ አየሁ። ከውጭ አገር የመጡ አራት ሙዚቀኞች በከተማ ትምህርት ቤቶች እየዞሩ ክላሲካል ሙዚቃ ሊጫወቱ ነው። አስፋልቱ ካለቀ በኋላም ልጆች አሉ ብዬ ጻፍኩላቸው። አንቺን አልዋሽሽም፣ ለልጆቹ ብዬ አልነበረም። ስሜ አለቆቹ ጆሮ ከገባ ዝውውሬ ይነቃነቃል ብዬ ነው። ሰባት ደብዳቤ ጻፍኩ። በሰባተኛው "እንመጣለን" አሉ።

ሴሎ የሚባለውን ትልቁን መሣሪያ የሚጫወተው ሰው ክንድ የሌለው ወንበር እንደሚፈልግ አስቀድመው ነገሩን። እኛ ዘንድ ያለው አግዳሚ ነው፤ ወንበር የሚባለው የርዕሰ መምህሩ ብቻ ነው፣ እሱም ባለ ክንድ። ሽማግሌው እሺ አሉ። አናጢው የወንበሩን ክንዶች ሲገዘግዝ ግን ጀርባቸውን አዙረው ቆሙ። "ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ሲቀረኝ ክንዴን የት ላሳርፍ ነው?" አሉ። በሳቅ ፈረስን።

ሙዚቀኞቹ ገና ክራቸውን ሲቃኙ ልጆቹ ሙዚቃው ያ መስሏቸው አጨበጨቡ። አራቱም ተነሥተው እጅ ነሡ! ከዚያ መጫወት ሲጀምሩ ዝናቡ ወረደ። የቆርቆሮ ጣሪያ በዝናብ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ የራስሽን ድምፅ እንኳ አትሰሚም። እኔ በእፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። የሴሎው ሰውዬ ግን ወንበሩን አንሥቶ ልጆቹ መሀል መጣ። እጃችሁን የሴሎው እንጨት ላይ አድርጉ ብሎ በምልክት አሳያቸው። ሦስቱ ጓደኞቹም ተከተሉት። ጮሌ የምንላት አንዲት የሦስተኛ ክፍል ወሬኛ አለች፣ አፏ የማይዘጋ። መዳፏን እንዳስቀመጠች ዝም አለች። ቆይታ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ "ቲቸር፣ ይተነፍሳል" አለችኝ። እኔም እጄን አስቀመጥኩ።

ይህን ለሌላ ሰው አልናገረውም፣ እማዬ። ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ ልጅ እንዳለኝ ረሳሁ። በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳላስባት ውዬ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ረሳኋት።

ሲያበቃ ቢሮ ተጠራሁ። የትምህርት ቢሮው ኃላፊ አብረው መጥተው ነበር፤ ያለሳቸው ማኅተም ምንም ስለማይሆን እኛ "ማኅተም" ነው የምንላቸው። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "ደስ ይበልሽ፣ መምህርት" አሉኝ። አንደኛው ዝውውሬ ነው። ከቤትሽ ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት! የትምህርት ቤቱን ስም ሦስቴ አነበብኩት።

ሁለተኛው ከሙዚቀኞቹ ነው። ስድስት ቫዮሊን ሊተዉልን፣ በየዓመቱም እየመጡ ሊያስተምሩ ፈቅደዋል። እኔን እዚሁ ያስተምሩኛል፣ እኔ ደግሞ ልጆቹን። ግን ሦስት ዓመት ከቦታው የማይነሣ ሰው ኃላፊነት ወስዶ ይፈርም ብለዋል።

"ሌላ ሰው ይፈርም" አልኩ። ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸው በጡረታ ወጪ ናቸው። የሒሳብ አስተማሪው "እኔም እኮ ዝውውር ጠያቂ ነኝ፣ ወረፋዬ ካንቺ ቀጥሎ ነው" አለኝ። "እንግዲያው እስከ ነገ ላስብበት" አልኩ። ማኅተም ሰዓታቸውን አዩ። "መንገዱ ሳይዘጋ መኪናው መውጣት አለበት። ካልተፈረመ ቫዮሊኖቹ ተመልሰው ይጫናሉ" አሉ።

ላማክርሽ ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የሚባል የለም። ልጆቹ አፍንጫቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው ያዩኛል። በሩ ክፍት ነበር፣ እማዬ። እጄን የያዘኝ ሰው የለም። ግን ክፍሉ እንደ ቁም ሳጥን ጠበበኝ፤ በየት በኩል ብዞር ልጅ ረግጬ የምወጣ መሰለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ አንዱ ላይ ፈረምኩ። ማኅተም ያን ሦስቴ ያነበብኩትን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ትምህርት ሲከፈት ድምቡሼ ሰባት ይሞላታልና አንደኛ ክፍል እዚያው ሰፈር አስመዝግቢልኝ። የደረቷን ነገር ለክፍል ኃላፊዋ ንገሪያት፣ ጠመኔ ካለበት ራቅ አድርጋ ታስቀምጣት። ደብተሯን አንቺው ለብጪላት፤ አንቺ የለበጥሽው አይቀደድም። ቅጹ ሥር "የእናት ፊርማ" የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ አንቺ ፈርሚ።

አደራሽን እንዳትቀየሚኝ። ፈጣሪ ለእሷም ለእኔም ሲል ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ቤትሽን ከሳቅ አያጉድልብኝ።

ልጅሽ