ሆዮ ተሽሏታል ካልንህ በኋላ

ድሬዳዋ፣ ጥር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለማልጠግብህ ወንድሜ፤

አሰላሙ አለይኩም። ሰውነትህ እንዴት ነው? የወደቡ ሥራ፣ የጅቡቲ ሙቀት፣ ያ የወገብህ ሕመም እንዴት አደረጉህ? «እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን» ብሎ መቀጠል ወግ ነበር። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ፣ አትቀየመኝ።

ስለ እናታችን በባቡር ሰው የላክንልህ ቃል ውሸት አልነበረም። «ሆዮ ተሽሏታል፣ አትምጣ» ስንልህ እውነትም ተሽሏት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደጅ ስትጠርግ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። አፏ ተጣመመ፣ ቀኝ ጎኗ በድን ሆነ፣ አንደበቷ ተያዘ። ከከዚራ ሰፈር ታክሲ ለምነን ሆስፒታል አደረስናት። ዶክተሩ ስትሮክ ነው፣ የረጋ ደም የአንጎሏን ሥር ዘግቶታል አለን። በማግስቱ ግን፣ ወላሂ፣ ተናገረች! መጀመሪያ የጠራችው ያንተን ስም ነው። ቀጥላም እንዳይመጣ ንገሩት፣ ጣቢያው ላይ አፍሰው ለውትድርና ይወስዱብኛል አለች። እኔ ይምጣ እንጂ ብዬ ተሟገትኳት። በዚያ በተጣመመ አፏ ሰደበችኝ። ስድቧን ሰምቼ በደስታ አለቀስኩ፣ አቦ!

አክስታችን ፋርሒያማ «ድናለች» ብላ ፍየል አሳርዳ ሰፈሩን አበላች። ዶክተሩ ብቻ አልሳቀም። ገና ነው፣ የሚመጡት ቀናት ያስፈሩኛል ይል ነበር። ሟርተኛ ብዬ አማሁት።

በሦስተኛው ቀን ራሴን አለች፣ አስመለሳት። ከዚያ እንቅልፍ ጣላት፤ ስንጠራት ዓይኗን ብቻ ትገልጣለች፣ ኋላም እሱ ቀረ። ድና አልነበር ወይ ብዬ የዶክተሩን ጋዋን ጨምድጄ ያዝኩት። ሰውዬው አልተቆጣኝም፣ አስቀምጦ አስረዳኝ። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ሲሞት ሰውነት ሊያጸዳና ሊጠግን ይረባረባል፤ እንደ ማንኛውም ቁስል ይቆጣል፣ ያብጣል። እግር ቢሆን ቆዳው ይለጠጥ ነበር፣ የራስ ቅል ግን አይለጠጥም፤ እብጠቱ ደህናውን ክፍል ይጫነዋል። ሊያድን የመጣው ራሱ ይጎዳል አለኝ። እብጠቱን ያስታግሳል ያሉትን መድኃኒት ሰጧት፣ ራስጌዋን ከፍ አደረጉላት። ከዚያ በላይ በእጃችን ምንም የለም አሉ።

ሰው ታመመ ሲባል ዘመድ ሁሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ታጭቆ በሽተኛውን አየር አያሳጣውም? እንደዚያ ነው የገባኝ። የምጠላው ሰው ፈለግሁ፤ ያገኘሁት የራሷን ገላ ነው። እሱን ደግሞ እንዴት ልጥላ? እኔንና አንተን የተሸከመ ገላ!

አጎታችን ወርሳሜ «በወረቀት የማይነገር ነገር አለ፣ ለወንድምሽ ታማለች ብለሽ ብቻ ጻፊ» ብለውኛል። እሺ። ሆዮ ታማለች።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ዒጋል፣ የባቡሩ ሠራተኛ ነው። ከዙህር ሰላት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ይመለሳል። ሥራ አለብኝ ብለህ እንዳትወጣ። አብሮህ የሚያድረው ጓደኛህም ካጠገብህ አይለይ። ሲገቡ ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ፣ የሚሉህን ስማ።

ና እያልኩ ስጨቀጭቅህ የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን አትምጣ። ለምኜሃለሁ፣ ባቡሩ ላይ እንዳትወጣ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩልህ ነገር የለም።

አላህ ልብህን ያጽናው፣ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅህ። ሆዮ በየሰላቱ ላንተ ስታደርግ የነበረውን ዱዓ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ እኔ እያደረግሁልህ ነው።

ታናሽ እህትህ