«እንደ ፈቃድህ» አልልም

ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። አባትሽ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ፣ ራሴን ፊደል ባስተማርኩበት የጸሎት መጽሐፍ እንደተጻፈው «እንደ ፈቃድህ ይሁን» ብቻ ብዬ ጸለይኩ። አንቺ የሐኪሙን ጋውን ጨምድደሽ «አይሆንም! አድነው!» ስትጮኺ፣ እኔ ሰው አፍሬ አፍሽን በእጄ አፈንኩት። አባትሽም ዐረፈ። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እዚህ ደህና ነን። ድመቷ ከአልጋዬ ሥር ወልዳለች። ለሰኞው ቃለ መጠይቅሽ ግን ቆሜ ነው የምጸልየው። «የሊፍት ጥገናውን ሥራ ለልጄ ስጣት» እላለሁ፤ ሌላ አልጨምርም። አክስትሽ ሰምታ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እግዜርን ልታዢው ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ይቆጣኝ! ጨዋነቴንማ አይቶታል» አልኳት። ሳቀችና አጠገቤ ቆመች።

አንቺም እንዳለፈው ጊዜ «የሰጣችሁኝን እሠራለሁ» እንዳትዪ። የምትፈልጊውን ቀና ብለሽ ንገሪያቸው። ያኔ አፍሽን ያፈነው እጄ ነው ዛሬ ተናገሪ እያለ የሚጽፍልሽ።

አምላክ ከፊትሽ ይቅደም። እንደጨረስሽ ደውዪልኝ፤ እስከዚያ አልቀመጥም።

ይህ ወረቀት አባቷ «እምቢታ» እያለ ይጠራት ለነበረችው ልጄ ይድረስ።