ህሊና ያኮረፈችበት ቀዶ ሕክምና

ሰኞ

ዛሬ ልጄ በዶክተሩ ፊት አዋረደችኝ። እሱ ረጋ ብሎ ያስረዳናል፦ አከርካሪዋ ውስጥ ነርቯን የተጫነ እብጠት አለ፤ በልጆች ላይ እምብዛም አይታይም፤ ግራ እግሯ የሚጎተተውም በሱ ነው፤ ጀርባዋን ከፍቶ ያወጣዋል። የስድስት ዓመቷ ህሊና አቋረጠችው።

«አንተ ግን ከዚህ በፊት አውጥተህ ታውቃለህ?»

«አንተ» አለችው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። እሱ ሳቀና «አዎ፣ አውጥቻለሁ» አላት።

ባሌ ታደሰ «ከነርቩ ጋር ተጣብቆ ቢሆንስ?» አለ። እኔ የፈራሁትን ጥያቄ። ዶክተሩ ሳቁን ተወ። «እጠነቀቃለሁ። ግን እግሯ ከአሁኑም ሊደክም ይችላል።»

ወደ ቤታችን ወደ ኮተቤ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ህሊና ብቻ ዘፈነች።

ማክሰኞ

ዘመድ ሲመክር ዋለ። ካራ የምትኖረው እህቴ፦ ማር በጥቁር አዝሙድ። ላምበረት የሚኖረው ወንድሜ፦ ውጭ አገር ውሰዷት። (በምን? በሱ ኪስ?) ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ለራሳቸው ወገብ የጠቀማቸውን ቅባት አመጡ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አመስግኜ ተቀበልኩና በረንዳ ላይ አወጣሁት።

ታደሰ «እኔ እንኳን ጠንካራ ነኝ፤ አንቺ ብቻ እንዳታለቅሺ» ይለኛል።

ረቡዕ

ሆስፒታል ገባን። ነርሷ ህሊና እጅ ላይ መርፌ ስትሰካ ህሊና መርፌውን አፍጥጣ አየችው። ታደሰ ራሱን ስቶ ወደቀ። አሁን ከልጁ ጎን ተጋድሟል፤ እሷ በካርቶን ታራግብለታለች።

ሐሙስ

ጠዋት አስገቧት። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ወጣ። አብዛኛው ወጥቷል፤ ከነርቩ ጋር የተጣበቀችውን ትንሽ ነገር አልነካትም። «ስትነቃ የእግር ጣቶቿን ታንቀሳቅስልን» አለ።

ነቃች።

«ህሊናዬ፣ እስኪ ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ።» ምንም። «አንዴ ብቻ፣ የኔ ማር።» ምንም። ታደሰ ግድግዳ ያዘ። እኔ የማውቃቸውን መላእክት በሙሉ ጠራሁ። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ውስጥ እግሯን በብዕሩ ጫፍ ጫር ሲያደርጋት ሁለቱንም እግሮቿን ሰበሰበች።

«ተወኝ! ከትናንት ጀምሮ አስርባችሁኝ ደግሞ ታዙኛላችሁ?»

ለካ አኩርፋ ነው! እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ እንጃ። ዶክተሩም ዐይኑን ጠረገ። ላብ ነው አለ።

እሑድ

ዛሬ በመደገፊያ ብረት ቆመች። ግራ እግሯ አሁንም ሰነፍ ነው። ካወጡት እብጠት ለምርመራ የላኩት ናሙና ውጤት ገና አልመጣም። የቀረችው ነገር ታድግ ይሆን? «በየጊዜው ጀርባዋን በማሽን እያነሳን እናያለን» ነው የዶክተሩ መልስ። ከዚህ በላይ አላውቅም።

ከሰዓት ግን እንደሷ መደገፊያ ከያዘ አንድ ልጅ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተሽቀዳደመች። ኤሊ የሚቀድማቸው ዓይነት እሽቅድድም። ልጁ ቀደማት። «አጭበርብሮ ነው!» ብላ እዬዬ አለች።

ታደሰ ሊያባብላት ሲነሳ እጁን ያዝኩት። ልጄ በሩጫ ተሸንፋ ታልቅስ እንጂ፣ ምን አለበት!