ጭላዳው ተቆጥሮ ያርጋል ቀረ

ደባርቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለአያቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ገብቷልና ጋቢዎን ደርበው ይተኙ። የገብሱ አጨዳ አለቀ ወይ? ቀይዋ ላም ወለደች? ወንድሜ ያርጋልስ ደህና ነው? እኔ በአክስቴ በደብሪቱ ቤት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ግን ከእኔም ይበልጥ ደህና ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከቀን ወደ ቀን ይወፍራል።

ሰላምታው በዚህ ይብቃ። ተቆጥቻለሁ አባባ። የተቆጣሁትም በእርስዎ ነው። አንድን ትልቅ ሰው አክብሮ መቆጣት ምን ያህል እንደሚያደክም ቢያውቁ! ታናሼ ቢሆኑ በሦስት ቃል ይወጣልኝ ነበር። ለእርስዎ ግን ቁጣዬን አጥቤ፣ ነጠላ አልብሼ፣ እጅ አስነሥቼ መላክ አለብኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሐሙስ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን መምህር ማዕረግ፣ «በሰማይ ያለው ኮከብ ከደባርቅ ጎተራ ሁሉ ገብስ ይበዛል። ብዙዎቹም እንደ ፀሐያችን በዙሪያቸው የሚዞር ምድር አላቸው። ታዲያ ይህን ያህል ምድር ካለ፣ እንደ ሰው የሚያስብ ፍጡር የሚኖርበት አንድ እንኳ ለምን አላገኘንም? ድምፃቸውንስ ለምን አልሰማንም?» ብለው ጠየቁን።

ከጎኔ የምትቀመጠው ስጦታ፣ «መልእክታቸው ገና መንገድ ላይ ነው፤ እንደ ሽሬ አውቶቡስ» አለች። አገኘሁ የሚባለው ከኋላ፣ «ተዋግተው ተላልቀው ይሆናል» አለ። የቄስ ልጅ ደርቤ ደግሞ፣ «እግዜር የፈጠረው እኛን ብቻ ነው፤ ጥያቄው ራሱ ንስሐ ያስገባል» አለ። እኔ እጄን አወጣሁና፣ «አሉ። ሽማግሌዎቻቸው ደብቀዋቸው ነው» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ማዕረግ ግን፣ «አስረጂ» አሉኝ።

አስረዳሁ። እርስዎን በአርባ ስምንት ተማሪ ፊት አማሁዎት። ይቅር ይበሉኝ፤ ግን አሳምሬ ነው ያማሁዎት።

አምና ለጥምቀት ስመጣ የሆነውን ነው የነገርኋቸው። በቀያችን ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና ለትምህርት የደረሰ ልጅ የሚቆጥሩ ሰዎች ከደባርቅ ይመጣሉ ተባለ። እርስዎና ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀምጣችሁ መከራችሁ። «ትምህርት ቤቱ ሰበብ ነው፤ የተቆጠረ ይነሣል፤ ከስሜን ፓርክ ሊያስወጡን ነው» አላችሁ። እርስዎ ደግሞ ዳዊት የደገሙ ነዎትና፣ «ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ቸነፈር ወረደበት። ልጅ አይቆጠርም» ብለው ዘጉት። መልሱን አሁን አግኝቻለሁ፦ እመቤታችን ከዮሴፍ ጋር ቤተ ልሔም የወረደችው ልትቆጠር አልነበረም እንዴ? እርስዎ የናዝሬት ሽማግሌ ቢሆኑ ኖሮ፣ «ዋሻ ግቢ» ብለው የቤተ ልሔሙን ልደት ያስቀሩብን ነበር።

ሠላሳ ሰባት ልጅ ከገደሉ ሥር ዋሻ ገባን። ከላይ ሰባት ሽማግሌ በረድፍ ተቀመጠ። ማታ ስታወሩት እንደ ሰማሁ፣ ቆጣሪዎቹ፣ «በዚህ ቀዬ ልጅ የለም ወይ?» ቢሉ፣ «እግዜር አልሰጠንም» አላችሁ። ሰባታችሁም! አጥር ላይ የተሰጣውን ትንንሽ ልብስ አይተው፣ «ይህስ የማን ነው?» ቢሉ፣ አያ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ «የኔ ነው፤ ዝናብ መታውና ጠበበ» አሉ። በጥር ወር! ከጓዳ ሕፃን ሲያለቅስ ደግሞ፣ «ፍየል ነው» ተባለ። እማዬ እያለ የሚያለቅስ ፍየል በስሜን ተራራ ብቻ ነው የሚገኘው።

«እና በዚያኛው ኮከብም» አልኋቸው፣ «አንድ ባለ ሦስት ዓይን አያ ሃብተ ጊዮርጊስ የእኛን ጥሪ እየሰማ፣ ‹ዝም በሉ፤ ግብር ሊጥሉብን ነው፤ ትንሽ ቆይተው ያልፋሉ› እያለ ነው። ኩራዙን ሁሉ አስጠፍቶ፣ ልጆቹን ከጨረቃው ጀርባ ደብቆ።» መምህር ማዕረግ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁና፣ «ማስረጃ አላገኘንም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ ከዚች ልጅ ተማሩ» አሉ።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናት፤ የአምናውን ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። የቀያችን ስም ተጽፎ፣ ከጎኑ «ለትምህርት የደረሰ ልጅ» ይላል። ከዚያ «የለም»። እዚያው ግድግዳው ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል፦ ዋልያ ይህን ያህል፣ ቀይ ቀበሮ ይህን ያህል፣ ጭላዳ ይህን ያህል። ሽማግሌ ጭላዳ ልጆቹን ሰብስቦ «ተደበቁ» አይልማ! የተራራው ጭላዳ ሁሉ ተቆጥሮ ያርጋል ቀረ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው አባባ። ስሙን መጻፍ አይችልም። ይህን ደብዳቤ እንኳ እርስዎ ካላነበቡለት እኅቱ ምን እንዳለች አያውቅም። እርስዎ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ የልጅ ልጅዎን ከ«ሀ» ደበቁት።

አሁን በደንብ ያድምጡኝ። የፊታችን ሰኞ፣ ኅዳር 20 ቀን፣ ቆጣሪዎቹ ዳግመኛ ይመጣሉ። ከዚህ በኋላ አይመጡም። ሠላሳ ልጅ ከተገኘ ትምህርት ቤቱ እኛ ዘንድ ይሠራል። ካልተገኘ ወንዙን ተሻግሮ ይሄዳል፤ ያን ወንዝ በክረምት በቅሎ እንኳ እንደማይደፍረው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ከፓርኩ ያስነሡን አያስነሡን እኔ አላውቅም። ጸሐፊዋንም ጠይቄያት፣ «እኔ ምን አውቄ ልጄ» አለችኝ። ነገር ግን ሰው የለበትም ተብሎ የተጻፈን አገር ለማስነሣት ማን ይቸገራል? እስቲ ይህን ከጥዱ ሥር ተቀምጣችሁ ምከሩበት።

ለመምህር ማዕረግ ያልነገርኋቸው አንድ ነገር አለ። ለእርስዎም አልነገርሁም።

ያን ቀን ገና ዋሻው ውስጥ ሳለን፣ ሌሎቹ ቆጣሪዎች ሲመለሱ አንዲቱ ሴት እስከ ገደሉ አፍ መጥታ ነበር። «ልጆች! አላችሁ?» ብላ ተጣራች። ድምፅዋ ከገደል ገደል እየዞረ ሦስት ጊዜ ደረሰን። ቆየችና ደግሞ፣ «ማንም አይነካችሁም፤ አላችሁ ወይ?» አለች። ያርጋል ከጭኔ ላይ ብድግ አለ። ፊቱ በርቶ ነበር። «አለን» ሊል አፉን ሲከፍት አንድ እጅ መጥቶ አፉን ግጥም አድርጎ ያዘው። የሽማግሌ እጅ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከላይ ነበራችሁ። ጣቱ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ነበረበት። ከሠላሳ ሰባታችን መካከል የእስክሪብቶ ቀለም የነካው እጅ ስንት ነበር? ይቁጠሩት። ሴትዮዋ ቆማ አዳመጠች። ብዙ አዳመጠች። ከዚያ ሄደች።

ይህን ደብዳቤ ባለበቅሎው ገዱ ነገ ሲመለስ ያደርስልዎታል። እኔ ሰኞ ከቆጣሪዎቹ ጋር እመጣለሁ፤ ጸሐፊዋን ለምኜ መንገድ መሪ ሆኛለሁ። ከማዶው ሸንተረር ላይ ሆኜ በየስማቸው እጣራለሁ፤ ከያርጋል እጀምራለሁ። ልትረግሙኝ ብትፈልጉ ሰባታችሁም በረድፍ ተቀምጣችሁ ርገሙኝ፤ እችለዋለሁ። ያርጋል ግን እደጅ ይቁም። እጁን ይያዙልኝ፣ አፉን ማንም አይያዘው። እንደ ልቡ ይጩኽ።

ነገ የሚገባው ጾም የበረከት ይሁንልዎ። የማቱሳላን ዕድሜ፣ የዓይን ብርሃን ይስጥልኝ፤ ያርጋል ዳዊትዎን ከእጅዎ ተቀብሎ እስኪያነብልዎ ድረስ ያቆይልኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ያን ቀን አደራዎን የጠበቀችው፣
የልጅ ልጅዎ