ግራጫዋ መኪናና የፍሬኗ ነገር

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9። ጠዋት

አሁንም አልተነሳችም። ቁልፉን አዞራለሁ፤ ትክ ትክ ትክ፣ ከዚያ ዝም። እንደገና። ትክ ትክ። ዝም። ወይ ባትሪው ነው፣ ወይ እኔ ነኝ።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ የምጽፍልህ ከመኪናዋ ውስጥ ሆኜ ነው። ዳንፎርዝ፣ ጋሽ አበራ የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት። ግራጫዋን ከእሳቸው ከገዛሁ ወር ሊሞላ ነው፤ እስካሁን ከቆመችበት አላንቀሳቀስኳትም። ሴፍቲ የሚሉት የብቃት ወረቀት ሳይኖራት ታርጋ አይሰጣትም። ታርጋ ሳይኖራት መንገድ የለም። እኔ ፓርክዴል፣ እሷ እዚህ። ከሥራ በፊት፣ ከሥራ በኋላ፣ በሰብዌይ ባቡር እየመጣሁ እንደታመመ ዘመድ እጠይቃታለሁ።

ጋሽ አ. በሱዳን አድርገው በደርግ ጊዜ የመጡ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ታክሲ ነዱ። አሁን ዐይናቸው ደከመ። ልጃቸው ናቲ መንዳት ይብቃህ አላቸው፤ እሳቸውም እያጉረመረሙ ለእኔ ሸጡልኝ። የመጀመሪያ መኪናዬ። ለምን እንዲህ እንደምጣደፍ ታውቃለህ። ኖቬምበር 10 ሥራ እጀምራለሁ። ከሰሜን ቤይ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ፣ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ። የገዛ ሙያዬ! አዲስ አበባ ተምሬው፣ እዚህ እንደገና ተፈትኜበት፣ እስከዛሬ ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸግሁ ሳልሠራበት የኖርኩት። እዚያ ከተማ አውቶቡስ የሚባል የለም። ጠይቄያለሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ሳቀችብኝ።

መሄድ አለብኝ። ሺፍት ሊጀምር ነው። ትክ ትክ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ባትሪው ነበር። ተቀየረ። ያገለገለ ነው ግን ይሠራል ብሎ የሸጠልኝን አምናለሁ።

ጋሽ አ. ያውቃሉ ብዬ ጠርቻቸው ነበር። ምንም አያውቁም! ይህን ሁሉ ዘመን ነዱ እንጂ ኮፈን ከፍተው አያውቁም። እኔ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ፣ እሳቸው የእጅ ባትሪ ያበራሉ፤ ብርሃኑ ግን የሚያርፈው እኔ የማላየው ቦታ ላይ ነው። አንዱን ሽቦ ስነካ እሳት ብልጭ አለ። ሁለታችንም ዘለልን። ከዚያ ሳቅን፣ የጎረቤት ሰው ወጥቶ እስኪያየን ድረስ።

ተነሳች። ድምፅዋ ብርድ እንደመታው ሰው ነው። ጋሽ አ. እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ነገ ቅዳሴ ላይ አስባታለሁ አሉ። መኪናዋን። እኔን አይደለም።

ስመለስ ትራም ላይ እግሬ አላርፍ አለ። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ እኔም ወለሉን እረግጣለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

መጥፎ ቀን።

ለመኪናዋ ጊዜያዊ ፈቃድ አውጥቼ ኢቶቢኮ፣ ከመጋዘናችን ጀርባ ወዳለ ጋራዥ ይዣት ሄድኩ። የመጀመሪያ ጉዞአችን። እየዘመርኩ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ልደርስ ስል የፍሬኑን ፔዳል ረግጬ ረግጬ ዘግይቶ ይይዛል። አሮጌ ስለሆነች ነው አልኩ። ደረስኩ ብቻ።

መካኒኩ ከፍ አድርጎ ሰቀላት። ጠራኝ። የፍሬኑ ዘይት የሚሄድበት ቱቦ ከኋላ በኩል በዝገት አልቋል፤ ያንጠባጥባል። በጣቱ ነካ አደረገውና ቅርፊቱ ረገፈ። የፍሬኑ ሸራም ሸራ አይባልም። የት ልትሄጂባት ነው አለኝ። ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ።

ለማሠሪያ የጠራው ዋጋ የወር ቤት ኪራይ ያህላል። ፊቴን ሳያይ አልቀረም፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በካሽ ከሆነ ወረቀቱን ብቻ ሊሰጠኝ ይችላል። ሴፍቲውን። ሳይነካት። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ደመወዝ ሳገኝ አሠራታለሁ።

እምቢ አላልኩም፣ ማስታወሻዬ። ላስብበት አልኩ። መኪናዋን እዚያው ትቼ መጣሁ።

ሐሙስ

አላረፍኩም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ካርቶን ላይ የሌላውን አድራሻ ለጥፌ ሱፐርቫይዘሩ ጠራኝ።

ቀስ ብዬ ብነዳስ? ስንቱ ነው የሚነዳው። ሥራው ካመለጠኝ ሌላ መቼ? ለጥቂት ሳምንት ብቻ።

ከዚያ ደግሞ ቅርፊቱ ሲረግፍ ይታየኛል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ጋሽ አ. ዘንድ ተቆጥቼ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ሳዘጋጅ ነበር። ሲሸጡልኝ ፍሬኗ አዲስ ነው ብለውኝ ነበርና።

በሩን ሲከፍቱ ሁሉም ጠፋኝ። ቁጭ በይ እንኳ ሳይሉኝ ተናገርኩ።

“ጋሽዬ፣ ፍሬኗ የለም። ቱቦው በስብሷል። አዲስ ነው አላሉኝም?”

“ተቀይሯል እኮ! የኔው ሰው ቀይሮልኛል። ከፍያለሁ።”

“አልተቀየረም። አይቼዋለሁ፣ በዐይኔ።”

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ቪዲዮ አይተሽ…”

በስልኬ ያነሳሁትን የቱቦውን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ፈለጉ፣ አጡ፣ ግንባራቸው ላይ ነበር። ስልኩን ወደ ፊታቸው አቅርበው ቆዩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

“ብዙነሽን በዚህች ነበር የማመላልሳት” አሉ።

እትዬ ብዙነሽ ሚስታቸው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ባለፈው ክረምት ያረፉት። ኩላሊታቸው ታሞ፣ በየሁለት ቀኑ ሆ/ል። በበረዶ። ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው ቁልቁለት። በዚህ ፍሬን።

የመጣሁበት ቁጣ የት ሄደ? እግዚአብሔር ጠበቃችሁ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺታ ይሁን እምቢታ አልገባኝም። ገንዘብሽን እመልስልሻለሁ፣ መኪናዋን አምጪ አሉ። ገንዘብ ምን ያደርግልኛል አልኩ፤ የሚያስፈልገኝ መኪና ነው። ከዚያ ያ ጋራዥ ስላለው ወረቀት ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም። ምናልባት ውሰጂው እንዲሉኝ።

“እኔም እኮ ወረቀት ነበረኝ፣ ልጄ” አሉ። “ተቀይሯል የሚል። ማኅተም ያለው። ወረቀት መኪና አያቆምም።”

በቃ። ደወልኩና አልፈልግም አልኩት። መካኒኩ ትከሻውን ሲሰብቅ በስልክ ተሰማኝ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 26። ማታ

እጄ ጥቁር ነው፤ ሳሙና አልነካውም። ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም።

ስካርቦሮ ቦታ የሚያከራይ ጋራዥ አለ፤ መኪናህን ራስህ ትሠራለህ፣ መሣሪያ ይሰጡሃል፣ የምትከፍለው ለሰዓት ነው። በጎታች መኪና አስወሰድኳት። የቦታው ባለቤት ሼሪ ትባላለች፣ የትሪኒዳድ ሴት፣ ስትናገር የምትዘፍን የሚመስል። ቱቦውን አንቺ ሞክረሽ ብታበላሺ ሰው ትገድያለሽ አለችኝ፤ እሱን እሷ ሠራችው፣ ተከፍሏት። ጎማ መፍታት፣ ሸራ መቀየር፣ ዝገት መፋቅ የእኔ። አንዱ ቡሎን አልፈታ ብሎ መፍቻው ላይ ቆሜ ዘለልኩበት። ሲለቅ ከነመፍቻው ወደቅሁ።

ጋሽ አ. ደግሞ ኮትና ከረባት አድርገው መጡ! ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ። እንዳይቆሽሹ ብላ ሼሪ ወንበር ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም። ተነስተው ይዞራሉ፣ ጎማ ይነካሉ፣ ሰዓት ያያሉ፣ ይጠይቃሉ።

መጨረሻ ላይ አየሩን ከቱቦው ማስወጣት ነበረብን። አንድ ሰው ከታች የቱቦውን ማስተንፈሻ ይከፍታል፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ፔዳሉን ይረግጣል። ሼሪ ወደ እሳቸው ጠቆመች። ከረባታቸውን አስተካክለው የሹፌሩ ቦታ ገቡ። ከሸጡልኝ ወዲህ መጀመሪያቸው። እኔ ከሥር ተኝቼ፣ ዘይት ክንዴ ላይ እየፈሰሰ፣ እጮኻለሁ፦

“ይርገጡ! ይያዙት! አሁን ይልቀቁ!”

“ያዝኩ! ለቀቅሁ!”

ሼሪ ምን እያልን እንደሆነ ሳይገባት ሳቋ ሊገላት። አንቱ እያልኩ ሰው ላይ መጮኼን ስነግራት የባሰ ሳቀች።

ፔዳሉ ጠነከረ። ጋሽ አ. ግን አልወረዱም። ሁለት እጃቸው መሪው ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ግድግዳ። እኔም ሼሪም ሌላ ሥራ ያለን መሰልን።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

አለፈች!! ሴፍቲ። የእውነት። ሌላ ጋራዥ፣ ሌላ ሰው፣ ሁሉንም አይቶ። ከሰዓት በኋላ ታርጋ አሰርኩላት፣ ቡሎኑን ራሴ።

ኢንሹራንሱ ጉድ ነው፤ ዛሬ ስለሱ አልጽፍም።

ማታ ደስታው ጠፋ። አሁን ላለመሄድ ምክንያት የለኝማ። እስካሁን መኪናዋ ናት የያዘችኝ ማለት እችል ነበር። ማንንም በማላውቅበት ከተማ፣ ከበረዶው ጋር… ሻንጣ አወጣሁ። መልሼ አስገባሁ። አወጣሁ።

እሁድ፣ ኖቬምበር 2

ጋሽ አ. ደወሉ። መቼም አያስቸግሩም፣ ዛሬ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ አሉ። መቃብር አድርሺኝ። መኪናዋን ከሸጡ ወዲህ አልሄዱም። አውቶቡሱ ተቀያይሮ አያልቅም፤ ናቲ ደግሞ ቅዳሜ እሁድም ይሠራል።

ጋቢና ገቡ። ጉልበታቸው ዳሽቦርዱን ገፋው። ወንበሩ ወደፊት ተጠግቶ ቀርቷል፤ እትዬ ብዙነሽ አጭር ነበሩ። ከሥር መጎተቻ አለ አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። አልነኩትም። እንደዚያው ተጣጥፈው ሄዱ።

ፎር ኦ ዋን በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መጀመሪያዬ። ከባድ መኪኖቹ በሁለቱም በኩል እንደ ግድግዳ። መሪውን አንቄው ይዣለሁ። ጋሽ አ. አላዘዙኝም፣ አልጮኹም፤ አንዴ ብቻ፣ መስታወት እዪ፣ አሁን ግቢ። ገባሁ። ከፊት አንዱ ድንገት ቆመ። ረገጥኩ። ያዘ። ሙሉ በሙሉ፣ ቀጥ አድርጎ ያዘ። ሁለታችንም ቀበቶው ላይ ተንጠለጠልን። የጋሽ አ. እጅ ወደ እኔ በኩል ተዘርግቶ ደረቴ ፊት ነበር፣ ልጅ እንደሚከልል ሰው። ቀስ ብለው መለሱት።

መቃብሩ ጋ ብቻቸውን ሄዱ። እኔ ከመኪናዋ አልወረድኩም። ከሩቅ አየኋቸው፣ ቆመው ይናገራሉ፣ በእጃቸው ጭምር፣ የሆነ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። ቆይተው መጡ። ዐይናቸው ቀልቷል። ነገርኳት አሉ። ምኑን አልጠየቅሁም።

ከዚያ ጎንበስ አሉና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉት። እግራቸውን ዘረጉ። እንሂድ፣ ይመሻል አሉ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ክፍሌ ባዶ። ያለኝ ሁሉ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቦታ ተረፈ። ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ!

ጋሽ አ. እንጀራ ገዝተው በላስቲክ አምጥተው፣ ሊሄዱ በሩ ላይ ቆሙ። አይሄዱም። ኮፍያቸውን ያዞራሉ። ከዚያ ወጣ፦ አብሬሽ ልምጣ። እስከዚያ ከተማ ድረስ። አድሬ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ሰው ጭኜ ሄጃለሁ። ብቻሽን በዚያ ጫካ…

አያስፈልግም አልኩ። ብቻዬን ነው የምሄደው፣ አውቄ፣ አስቤበት።

“ለአንቺ ብዬ መሰለሽ?” አሉ። “ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። አንድ ቀን እንኳ የሆነ ቦታ ልድረስ።”

እሺ አልኩ። ሲወጡ ዞር ብለው፣ ለናቲ እንዳትነግሪው አሉ። ከተመለስኩ በኋላ ይስማ። አሁን ቢሰማ ያስቀረኛል።

እሺ ከአፌ ወጥቷል። ከወጣ ወዲህ እየበላኝ ነው። የልባቸውን መድኃኒት የሚያመጣላቸው ናቲ ነው። ነገ በር ሲያንኳኳ ቢያጣቸውስ?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8። ጠዋት፣ ዳንፎርዝ

ወሰንኩ። ሰው ከልጁ ሰርቄ አልሄድም፤ ትቻቸውም አልሄድም። ሻንጣቸውን ይዘው ሕንፃው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ነገርኳቸው፤ ወይ ናቲ ያውቃል፣ ወይ እዚህ እንለያያለን። ከዳሽኝ አሉ። ጋቢና ገብተው በሩን ዘጉብኝ። እኔ ውጭ፣ ብርዱ ላይ፣ ደወልኩ።

ናቲ ከእንቅልፉ ነው የተነሳው። ኖ ዌይ፣ በጭራሽ አለ። እንግሊዝኛው ሲናደድ ይፈጥናል፣ ግማሹ አመለጠኝ። ዕድሜያቸው፣ ልባቸው፣ በረዶው፣ አንቺ ደግሞ ማነሽ፣ መንዳት የጀመርሽው ትናንት። ሁሉም እውነት ነው። አልተከራከርኩም። ፍሬኗን ነገርኩት። እናቱን በምን ሲያመላልሱ እንደነበር፣ መቃብሩ ጋ ምን እንዳሉ። አያውቅም ነበር።

“መድኃኒቱን ይዟል?” አለ በአማርኛ።

በመስታወቱ ጠየቅኳቸው። ኩርፊያቸውን ሳይተዉ ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። ይዘዋል አልኩት።

“አባዬ ሲደርስ አይደውልም። መቼም አይደውልም። አንቺ ኮል አድርጊኝ። ኦኬ? አንቺ።”

እሺ አልኩ። ስልኩን በመስኮቱ አቀበልኳቸው። አሁን እያወሩ ነው። እኔ የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ። መጀመሪያ ጋሽ አ. ይጮኹ ነበር። አሁን ይሰማሉ። ራሳቸውን እየነቀነቁ። እሺ ናትዬ፣ እሺ አባቴ።

ሞተሯ እየሠራች ነው። ሰማዩ ነጭ ነው፣ ከምዕራብ በኩል የሚመጣ በረዶ አለ፤ ቶሎ ከወጣን እንቀድመዋለን። ስልኩን ዘጉት። እጃቸውን በእኔ መቀመጫ በኩል አሻግረው ክላክሱን ተጫኑት፣ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሱ። መጣሁ እያልኳቸው ነው! እንደገና—