ታይስቶ ያጣት የብረት ሳንቲም

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4

ዛሬም ሳንቲም። ማክሰኞ ሁሌ ሳንቲም ነው። ሄል ያለው ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩ፣ ሄሉ በዝቶበታል... ማንም ትንፍሽ አላለም። እነዚህ ሰዎች ምላስ የላቸውም፣ የሚበሉት በዓይናቸው ነው።

የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ያለችው ክፍል። ያው እነሱ አራቱ፣ አምስተኛ እኔ። እኔ እንኳ አልሰበስብም፣ ታይስቶን ላድርስና ትንሽ ላውራ ብዬ ነው። ባሌ ለዝምታ የተፈጠረ ነው፣ እኔ ለወሬ። ሁለታችንም ዝም ብንል ኖሮ ቤቱ መቃብር ይሆን ነበር።

ሳንቲሙ ያው ሳንቲም ነው፣ በሽታው ግን ለየብቻ። ሲርካ የተጎዳውን ነው የምትወደው። የተጣመመ፣ የተበሳ፣ ሰው በሚስማር ስሙን የቧጨረበት። አንስታ «አንቺ ደግሞ የማን ኪስ ውስጥ ነበርሽ?» ትላታለች፣ ልክ እንደ ጠፋች ልጅ። ካውኮ ሳንቲም አይወድም፣ መሸጥ ነው የሚወደው። ጠዋት የገዛውን ማታ ካልሸጠ እንቅልፍ አይወስደውም። «ሚስትህን እስካሁን አለመሸጥህ ይገርመኛል» አልኩት አንዴ። «ገዢ አጥቼ ነው» አለኝ።

ኦይቫ የሚፈልገው ሌላ ሰው የሌለውን ነው። ሌላ ሰው እጅ ከገባ ያስጠላዋል።

የኔው ታይስቶስ? ጎዶሎ አይወድም። አንድ ካልሲ ከጠፋች ቤቱን ያተራምሳል። ሳንቲምም እንደዚያው፣ ከየዓመቱ አንድ አንድ፣ በተርታ። አልበሙ ላይ ለየዓመቱ ክብ ቀዳዳ አለ። ሁሉም ሞልቷል፣ አንዷ ብቻ ቀረች። የጦርነት ጊዜ የብረት ሳንቲም። ራውማ ከተማችን ውስጥ ያቺ ያለችው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው። ማን ጋ? ኦይቫ ጋ ነዋ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 7

የዓይን ሐኪም ቤት ዋልን። ለታይስቶ ዓይን የሚወጋው መርፌ ከእንግዲህ አይሠራም አለች ሐኪሟ። ልጅ ናት፣ ደግ ናት፣ ምን ታድርግ። የሚጠፋው መሃሉ ነው። ዳር ዳሩ ይቀራል አለች፣ እንደ ትልቅ ነገር። እስከ ገና ድረስ ምናልባት ያነባል... ምናልባት። ከዚያ በኋላ ሳንቲም ላይ ያለ ቁጥር ጨርሶ አይታየውም።

አውቶቡስ ውስጥ አትኩሮ አየኝ። «ጆሮሽ ይታየኛል፣ ፊትሽ የለም» አለኝ።

«አፌስ?»

«እሱን ማየት አያስፈልግም፣ ይሰማል።»

ሳቅን። ከኋላችን ያለችው ሴት ሳትቀር ሳቀች። ቤት ስንገባ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ እንዳይሰማኝ።

ካፖርቱን ሲያወልቅ «ያቺን አንዷን በቦታዋ ሳላያት...» አለና ተወው። ቀሪውን ማን ይንገረኝ? እኔው አውቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 13

የአተር ሾርባ። የታይስቶ ማንኪያ ሳህኑን ስቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሁለታችንም እንዳላየ ሆንን። እሱስ እውነቱን ነው፣ አላየም...

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 20

ታይስቶን ገበያ ደርሼ ልምጣ ብዬው ኦይቫ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ገብቼ አላውቅም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ የሰው ሽታ ግን የለውም። ቡና ቀዳልኝ፣ ውሃ በሉት። ሳልጠይቀው ሳጥኑን አመጣ። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ተኝታለች። ይህቺ ናት? ጥቁር፣ ትንሽ፣ መሬት ላይ ወድቃ ባገኛት አላነሳትም። «እያት፣ ግን እንዳትነኪያት። የእጅ ላብ ብረት ያዝጋል» አለኝ። እሱ እንኳ ጠርዟን ብቻ ነው የሚይዛት፣ በጓንት።

የታይስቶን ዓይን ነገርኩት። ያለኝን አንደበት ሁሉ አወጣሁ። ሽጥልን አልኩ፣ ለውጥ አልኩ፣ የአባቴን የብር ማንኪያዎች አልኩ። አለቀስኩም መሰለኝ። ከዚያ ምን አለኝ?

«ሂልካ፣ ባለፈው ወር ይህን በር ያንኳኳው ማን መሰለሽ? ከጀርመን የመጣ ሰው። እዚህ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጦ አወራኝ። ለሷ ብሎ ነው የመጣው። አንቺስ ዛሬ ለምን መጣሽ? ለሷ ነው። እሷን ሰጥቼ ከዚህ በኋላ ማን ሊመጣልኝ ነው?»

ሰው ለንፉግ መልስ አያጣም። ለእንዲህ ያለ ሰው ግን ምን ይባላል? ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ልሰድበው ስድብ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 22

ሳውና፣ እንፋሎት ቤቱ ውስጥ ሆነን፣ እንደ ዋዛ አድርጌ፣ ኦይቫ ያቺን ለአንድ ወር ቢያውስህስ አልኩት። ቀዳዳዋ ውስጥ ታስገባትና ታያታለህ፣ ከዚያ ትመልሳለህ።

ውሃውን የጋለው ድንጋይ ላይ ደፋ። እንፋሎቱ ጆሮዬን ለበለበኝ።

«የሰው ሳንቲም? በኔ አልበም?»

አበቃ። እኔ ደግሞ ምን ሞኝ አደረገኝ። ባዶነቷን ይችላል፣ በውሰት መሙላቷን ግን አይችልም። ይህን ያህል ዓመት አብሬው ኖሬ...

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 1

ካውኮን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። የትም ሄደህ፣ ቱርኩ ከተማም ሂድ ስዊድንም ተሻገር፣ ፈልግልኝ አልኩት። ጭንቅላቱን አከከ። ለሰላሳ ዓመት ያላገኘሁትን እስከ ገና አገኛለሁ ብለሽ ነው ወይ አለኝ። ዓይኔን አየና ግን «እሺ በቃ፣ እስቲ» አለ።

ታይስቶ ዛሬ ሁለት ማጉያ መነጽር ደራርቦ ነበር። ሲርካ የሳንቲም ካታሎጉን ገጽ ታነብለት ጀመር። እሱ አልጠየቃትም፣ እሷም ላንብብልህ አላለችም። እንዲሁ ጀመረች።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 15

ካውኮ አመጣት!

ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ትንሽ ወረቀት ፈትቶ ታይስቶ ፊት አስቀመጠ። «ቱርኩ ገበያ፣ አንድ አሮጌ ሳጥን ታች» አለ። ታይስቶ የጓንቱን አፍ አጣው። እኔ አጠለቅኩለት። አቅርቦ አየ፣ አርቆ አየ፣ በዓይኑ ዳር ሊይዛት ራሱን ወደ ጎን አዘነበለ፣ እንደ ወፍ። ማግኔት አስጠጋ፣ ተያዘች። «ብረት ናት» አለ። እንዲህ ሲያምር ካየሁት ቆይቷል።

ዋጋውን ጠየቀው። ካውኮ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተወው ባክህ፣ ለአንተ ነው።»

ያኔ ጠረጠርኩ። ካውኮ! በነጻ! ለእናቱ ቀብር ያመጣትን አበባ ዋጋ እህቶቹን ያስከፈለ ሰው...

ቡና ላመጣ ስነሳ ሲርካ ተከተለችኝ። ሲንኩ ጋ ቆማ በቀስታ ነገረችኝ። እውነተኛ የብረት ሳንቲም ናት፣ ግን የሌላ ዓመት። የመጨረሻዋን ቁጥር አንድ ሰው ፍቆ፣ ጎኗን ቀርጾ፣ የምትፈለገውን ዓመት አስመስሏታል። አዲስ ጀማሪም አይቶ ያውቃታል አለች። ታይስቶ ራሱ ባለፈው ዓመት ቢሆን ከሩቅ ይጥላት ነበር።

«ንገሪው» አልኳት።

«አንቺ ንገሪው» አለችኝ።

ቡናውን ይዘን ተመለስን። ማንም አልነገረውም።

ደግነቱ አልበሙ ውስጥ ዛሬ አልገባችም። የማኅበሩ ደንብ ነው፤ አዲስ ሳንቲም ቀዳዳ ከመግባቱ በፊት ያው ሳንቲም ያለው ሰው የራሱን አጠገቡ አስቀምጦ አይቶ ልክ ናት ማለት አለበት። ሁሉም እንዲህ ነው ያደረገው፣ ደንቡን ያወጣው ደግሞ ታይስቶ ነው። ኦይቫ ጉንፋን ይዞት ቀርቷል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመጣል።

ደግነቱ አልኩ? ምኑ ነው ደግነቱ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 18

ለካውኮ ደወልኩ። ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። አዎ አለ፣ ምንም ሳያፍር። እውነተኛዋ የለችም ሂልካ፣ የለችም፣ የት ላምጣ? እሱ ደግሞ አያያትም አለኝ። አንተ ሌባ፣ አንተ አጭበርባሪ አልኩት። ስድቤ ሲያልቅ «ሲስቅ አየሽው አይደል?» አለ።

አየሁት። እሱ ነው የገደለኝ።

ታይስቶ ቀኑን ሙሉ ወረቀቷን አልለቀቀም። ለልጃችን ደውሎ አወራት። እሱ! ራሱ ደውሎ! አገኘናት አላት። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር፣ ለሳምንት የሚበቃ ድንች ላጥኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 21

ነገ ኦይቫ ያያታል። ከተማው ውስጥ ያቺ ያለችኝ እኔ ብቻ ነኝ እያለ የኖረ ሰው። እንኳን ውሸት አግኝቶ፣ እውነተኛም ብትሆን እንከን ይፈልግባት ነበር። ደግሞ ይህቺን ሐሰት ናት ቢል ውሸት አይደለም። መብቱ ነው።

ልለምነው ደወልኩ። አነሳው። ጉንፋኑ እንዴት ነው አልኩት። ተሽሎኛል አለ። ጥሩ አልኩና ዘጋሁ።

እኔ ነኝ እንግዲህ አፈ ጮሌዋ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 22

አሁን ነው የተመለስነው።

ታይስቶ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ጺሙን ተላጭቶ ሄደ። አንዱን ጉንጩን ዘሎታል። ኦይቫ ሳጥኑን ከፍቶ የራሱን አወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጋቸው። ሳንቲም ለማላውቀው ለእኔ እንኳ ልዩነቱ ታየኝ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ጎነበሰ... ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ካውኮ ሰዓቱን ያያል። ሲርካ መሬቱን።

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አልጠቀስኩትም፣ በዓይኔም አልለመንኩትም። ምን ብዬ? በዚህች ነገር ላይ ሰው ምን ብሎ ይለምናል?

«ተናገር እንጂ» አለ ታይስቶ።

«ያንተ ከኔ ትሻላለች» አለ ኦይቫ። «ጠርዟ ላይ ዝገት የለባትም።»

ታይስቶ ሳቀ። እየሳቀ ቀዳዳዋን በጣቱ ፈልጎ አስገባት። ጠቅ አለች።

ኦይቫ ሳጥኑን ሌላ ጊዜ ሰው እንዲያየው ጠረጴዛው መሃል ነበር የሚተወው። ዛሬ ኪሱ ከተተው። ስንወጣ ላመሰግነው ጠጋ አልኩ። «ምንም እንዳትይኝ» አለኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 24

ታይስቶ ሾርባውን ሁለት ሳህን በላ። ስለ ልጅነቱ አወራ፣ አባቱ ከግንባር ሲመለስ ኪሱ ውስጥ እንዲህ ያሉ የብረት ሳንቲሞች ነበሩ አለ። ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ፣ ልዋሽ አልፈልግም። ምናልባት ካውኮ ልክ ነው... ምናልባት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 29

ዳቦው ወጣ፣ ካፖርቴን ለበስኩ። ታይስቶ ከወንበሩ አልተነሳም። ማክሰኞ እኮ ነው አልኩት።

«ምን ጎድሎኝ ልሂድ?» አለኝ።

በቁጣ አይደለም። ጠግቦ እንደተነሳ ሰው።

ብቻዬን ዳቦውን አደረስኩ። ሲርካና ካውኮ ነበሩ። ኦይቫ አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 6

የነጻነት ቀን። እንደ ሁሉም ቤት ሁለት ሻማ መስኮት ላይ አበራሁ። የትኛው መስኮት ነው አለኝ ታይስቶ። ፊት ለፊቱ ነበር።

አልበሙን ከዚያ ቀን ወዲህ አልከፈተም። ቁርስ ይበላል፣ ይቀመጣል። ራዲዮ ልክፈትልህ? አይ። ላንብብልህ? አይ። ድሮ ያቺን የሚፈልግበት ሰዓት ነበረው፤ ካታሎግ ነበረው፣ የሚደውልለት ሰው ነበረው፣ የሚጣላው ሰው ነበረው። አሁን ሁሉም ሞላለት። ሁሉ ከሞላለት ሰው ጋር ምን ይደረጋል? እኔ ነኝ ይህን የፈለግሁለት። ኦይቫ ላይ ያለቀስኩት፣ ካውኮን የላክሁት...

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 13

ኦይቫ መጣ። በእግሩ፣ በዚያ በረዶ። ቤታችን ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ሳጥኑን አልያዘም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስለ ዓሣ ትንሽ ተነጋገሩ፣ ከዚያ ዝም። ኦይቫ ጓንቱን እያገላበጠ፣ ታይስቶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ማንም የሚያሳየው የለው፣ ማንም የሚፈልገው የለው። ሲሄድ በር ላይ፣ ጀርመኑ ሰው ደውሎ ነበር አለኝ። «ሁለተኛ ተገኘች አልኩት። ታዲያ ብዙ ትሆናለች፣ አልፈልጋትም አለኝ።»

ከሄደ በኋላ ታይስቶ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልነግረው ነበር። ውሸት ናት፣ ቀዳዳዋ አሁንም ባዶ ናት፣ ተነስ ልለው። ብነግረው ይነሳ ይሆናል... ተነስቶስ? በየትኛው ዓይን ሊፈልጋት?

«ታይስቶ» አልኩ።

«እ?»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ ሰማዩ እንደ መስታወት ጥርት ብሏል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ፣ ከዚያ ወዲያ ወደቡ፣ መርከቧ ላይ ያለችው ባንዲራ ሳትቀር ትታያለች።

«ዛሬ ጭጋግ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ከባድ ጭጋግ ነው።»