በራዲዮ የመጣ ሙሾ

ሞላሌ፣ የካቲት 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽን፣ ሥራሽን፣ ያንን ሄድ መለስ የሚልብሽን ራስ ምታት ሁሉ እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደህና ናት፤ ገብሱም ዘንድሮ ውርጭ ሳያገኘው ገብቷል። እኔ ደግሞ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ያህል አጥብቄ የምናገርበትን ምክንያት ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ግን የግጥም ወሬ ላውራሽ፣ ካላንቺ የሚሰማኝ የለም።

ባለፈው ወር ጨርቅ ላመጣ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ለእማዬ፣ ከተመቸኝ አዲስ አበባ ዘልቄ አንቺንም አይቼሽ እመጣለሁ ብያት ነው የወጣሁት። ደብረ ብርሃን ስደርስ አንድ በር ላይ እሑድ ከሰዓት የግጥም ዝግጅት አለ የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ፤ ግጥም ካለበት ቦታ በበሬም አይጎተት። ጨርቁን ገዝቼ እሑድን ስጠብቅ ወደ አንቺ መምጣቱ በዚያው ቀረ። ቅር አይበልሽ።

ከአንባቢዎቹ ሁለቱን ወድጃቸዋለሁ። ይታየው የሚባል የከብት ሐኪም አለ፤ ወደ መድረኩ ሲወጣ ላም ሊመረምር የሚሄድ ነው የሚመስለው። አይጮህም፣ እጁን አያወናጭፍም። ስለ አንድ ያረጀ በሬ አነበበና ከፊቴ የተቀመጡት ባላገሮች መጀመሪያ ሳቁ፣ በመጨረሻ አንደኛው በጋቢው ዓይኑን ጠረገ። ሲሀም የምትባል ደግሞ ከሸዋ ሮቢት የመጣች የነጋዴ ልጅ ናት። እናቷ በክንዷ ጨርቅ እየለካች ስትሸጥ ኖራ፣ አርጅታ ክንዷ ሲያጥር ደንበኛ ሁሉ እንደተጣላት ነው የገጠመችው። እኔ ልብስ ሰፊው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አላየሁም ብዬ በራሴ ተናደድኩ፤ ከንዴቴ በላይ ግን ደስ አለኝ። የዘንድሮ ልጆች ቤት መምታት አያውቁም የሚሉትን ሰዎች ያን ቀን እዚያ ባስቀመጥኳቸው! በእርግጥ "ሕልውና" ባለ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍን አንድ ጎረምሳም ነበረ፤ እሱንም ቢሆን እግዜር ያሳድገው፣ ዓይኑን ሲገልጥ ይሻለዋል። መጽሐፍ ሻጩ እንደነገረኝ ደግሞ የግጥም መድበል አሁን ለሠርግ ስጦታ ይሸጣል። ሙሽሮቹ ያነቡታል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ፎቶግራፍ ያስቀምጡበታል አለኝ።

እንግዲህ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ የሰውን ልጆች ሳደንቅ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግጥም እዚህ እየተነበበ ነበር። በዚያው እሑድ ከሰዓት በራዲዮው የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ላይ ያንቺ ግጥም ቀረበ። ጎረቤታችን እትዬ ወሰኔ ቤት የማርያም ማኅበር ነበርና ሴቶቹ ሁሉ እማዬም ጭምር ተሰብስበው ራዲዮው ተከፍቷል። አንባቢው ስምሽን ከነአባትሽ ጠርቶ፣ ከአዲስ አበባ የላከችልን "ለወንድሜ" የተሰኘ ግጥም አለና ጀመረ፦

ወንድሜን ቀበርኩት ለማንም ሳልነግር፤
ማን ይደርስልኛል በማላውቀው አገር።

ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም። እትዬ ወሰኔ ደረታቸውን መቱ፣ ቤቱ በጩኸት ተደበላለቀ። አገራችንን ታውቂዋለሽ፤ በቁሙ ላለ ሰው ሙሾ አይወርድም፣ ሟርት ነው። ገጣሚ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ሊገጥም ይችላል ብሎ የሚያስረዳ ሰው ሞላሌ ውስጥ ቢፈለግ አንድ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሟቹ ነበርኩ። ወደ እህቱ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፣ እዚያው አረፈ፣ እሷም ፊታችንን ማየት ቢያቅታት በራዲዮ መርዶ ላከችብን አሉ። ያንቺ ሌላ ወንድም ስለሌለ ነገሩ አላከራከረም።

ሰኞ ከአውቶቡስ ወርጄ ጨርቄን በትከሻዬ ተሸክሜ ስመጣ በራችን ላይ የእድር ድንኳን ተተክሏል። እማዬ ሞተች ብዬ ጨርቁን ጥዬ እየጮህኩ ሮጥኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ እኔን አይቶ ይጮኻል። የነፍስ አባታችን አባ ገብረየሱስ መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ከወዴት ነው የመጣኸው አሉኝ። ከደብረ ብርሃን አልኳቸው። በምን ቢሉኝ በአውቶቡስ ስላቸው መስቀሉን ዝቅ አደረጉ፤ መንፈስ ቲኬት አይቆርጥም ብለው ይሆናል። ከዚያ እልልታው፣ ሳቁ፣ እማዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ ማለቷ፣ ይህን አንቺው ገምቺው። የእድሩ ዳኛ ንፍሮው ተቀቅሏልና ይበላ ብለው ፈረዱ። የራሴን ንፍሮ ቁጭ ብዬ ቆረጠምኩ።

ንፍሮውን እየበላሁ እትዬ ወሰኔን ምን ብለው እንዳለቀሱልኝ ለመንኳቸው። አፍረው እምቢ ብለው ነበር፤ ሰው በቁሙ ሙሾውን የሚሰማበት ዕድል ስንት ጊዜ ይገኛል ብዬ አጥብቄ ስይዛቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

ለሁሉ ሰፍቶለት ሠርግና ጥምቀቱን፣
ማን ይሰፋለታል የሱን ከፈን ጨርቁን።

እንዴት ያለች ናት! ያለ ወረቀት፣ ያለ እስክሪብቶ፣ ከጩኸት መሐል የወጣች። ለእንዲህ ያለች ስንኝ መሞት አይከፋም አልኳቸውና ተቆጡኝ።

ነገሩ በሳቅ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ዝግጅቱ ሲደገም ግን እኔና እማዬ ብቻችንን ራዲዮው አጠገብ ተቀመጥን። የግጥምሽን መጨረሻ የሰማነው ያኔ ነው። እህቴ፣ ወንድምሽ ስለሆንኩ አይደለም፤ ዘንድሮ ከሰማሁት ሁሉ፣ ከይታየውም ከሲሀምም፣ ይህችን አስበልጣለሁ፦

እጅጌው ረዘመበት ብዬ ጠቀለልኩት፤
ሲያድግ ይበቃዋል ያልኩትን አጠፍኩት።

አንድም ከባድ ቃል የለባትም። እንባ የለባትም፣ ሞት የሚል የለባትም። ስፌቱ የማይታይ ልብስ ማለት ይህ ነው። ደግሜ ደጋግሜ በቃሌ አልኳት፤ ስላት ግን መቀሱን አስቀምጣለሁ።

ገጣሚ ያልሆነውን ሊገጥም ይችላል እያልኩ ሰፈሩን ሁሉ ሳስተምር ሰንብቻለሁ። አሁንም እንደዚያው እላለሁ። ነገር ግን ልብስ ሰፊ ነኝና ለልጇ እጅጌ አስተርፍ የምትለኝ እናት እንደሆነች አውቃለሁ። እትዬ ወሰኔም ለወንድም ሲለቀስ ጋሻዬ፣ መከታዬ ይባላል እንጂ እጅጌ አይጠቀለልለትም ባሉ ነበር፤ እሳቸው ግን መጨረሻውን አልሰሙትም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

እማዬ ራዲዮውን አጥፋው አለችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፤ ለእኔ ሲለቀስ ድምጿ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር አሉ፣ ያን ቀን ግን አጠገቧ ተቀምጬ እንኳ አይሰማኝም ነበር። እማዬ፣ እኔ እኮ አለሁ አልኳት። ስለ አንተ ማን አወራ አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ትናንት ስለዚህ ነገር አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኋት፣ አንቺንም አልጠይቅሽም። ስንት ዓመት ሙሉ ሥራ በዝቶብኝ ነው የቀረሁት እያልሽ ስትጽፊ እሷ የአዲስ አበባን ሰዎች ትረግም ነበር፤ ልጄን እንደ በቅሎ ጫኗት እያለች። አሁን መርገሙን ትታለች።

ትናንት ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ ሁለት መልእክት ሰጠችኝ። አንደኛው፣ ማን ይደርስልኛል ላለችው ደርሰናል በላት የሚል ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ አገር ምድሩ አልቅሶ ነው የተበተነው፤ ሳናውቀውም ቢሆን ለቅሶ ደርሰናል በላት አለችኝ። እኔም ከራሴ ልጨምርልሽ። ለፋሲካ ብትመጪ ለምን መጣሽ፣ እስከ ዛሬ ለምን ቀረሽ ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው አይኖርም። ከሞት የተነሳ ወንድሟን ልታይ መጣች ብለው እየሳቁ ይቀበሉሻል። እንዲህ ያለ ምክንያት ደግሞ በየዓመቱ አይገኝም። ቀኑን ከጻፍሽልኝ ጣርማ በር ድረስ መጥቼ እጠብቅሻለሁ።

ሁለተኛው የእማዬ መልእክት አጭር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በፊት አባ ገብረየሱስ ዘንድ ሄዳ አንድ ነፍስ በጸሎት አስቡልኝ ብላቸው ነበር። እሺ፣ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ ሲሏት ስሙን አታውቀውምና ከደጃቸው ተመለሰች። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ የክርስትና ስሙን ብቻ ትጻፍልኝ ብላለች።

የመንዝ ማርያም ከነልጇ በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ። እጅሽ አይዛል፣ ቃልሽ አይንጠፍ፤ ብቻሽን የተሸከምሽውን እግዜር ያቅልልሽ። እማዬ ጉንጭሽን ሁለት ጊዜ ስማለች፤ አንዱ ለአንቺ አይደለም።

በሕይወት ያለው ወንድምሽ